ምልልስ፤ መድረስ የጎደለው ቃል

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ ነበር። አዛውንቱ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ጠርዙ የተበላ ቢጫ ክላሰር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ወጣቷ ሠራተኛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከዚያም በትሕትና «አባባ፣ ማኅተሙ ከወረዳ ተስተካክሎ መምጣት አለበት። ሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው። አዛውንቱ አልተቆጡም። «የት ሄጄ ነው የምመለሰው ልጄ? ከመጋቢት ጀምሮ እዚሁ አይደለሁ?» አሉ። አግዳሚው ላይ ያለን ሁሉ ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ሰኞው ግን አልተነሣላቸውም።

የእኔ ጉዳይ ከእሳቸው ያነሰ ነው። የአባቴ ስም በአንደኛው ሰነድ በ«ኃ»፣ በሌላኛው በ«ሀ» በመጻፉ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጥ ተብያለሁ። ለዚህች አንዲት ፊደል እስከዚያ ቀን አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአምስተኛው የአዛውንቱ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ቀልድ መስሎ የቋንቋ ጥያቄ ነውና። ወዲያና ወዲህ ማለትን አማርኛ «ምልልስ» ብሎ ሲሰይመው ከመሄድ ምንም አልወሰደም፤ ከመምጣትም፣ ከመድረስም አልወሰደም። መመለስን ብቻ አንሥቶ እሱኑ ደገመው። መሥሪያ ቤቶቻችንና መንገዶቻችን ስለዚህ ቃል ሌት ተቀን በሚያወሩበት በዚህ ጊዜ፣ ቃሉ ራሱ ምን እንደሚል ዞር ብሎ ማየት ይገባል።

ሥሩ «መለሰ» ነው። የዚህን ግስ ያህል ሥራ የበዛበት ግስ በአማርኛ ጥቂት ነው። የተጠየቀ ሰው ይመልሳል፤ የተበደረም ይመልሳል፤ በግ ከማሳ የሚያባርር እረኛም ይመልሳል። በታክሲ ውስጥ «መልስ» ማለት ከመቶ ብር የተረፈው ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ «መልስ» ሌላ ነው፤ በሠርግ ደግሞ «መልስ» ሙሽሪት ከሙሽራው ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት ተጠርታ የምትሄድበት ድግስ ነው። (አሁን ሠርጉም መልሱም በአዳራሽ እየሆነ፣ በመልስ ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስ ሙሽራ እየጠፋ ነው፤ ስሙ ግን አልተቀየረም።) ልብ ወለድ ጸሐፊ ወደ ኋላ ሄዶ ሲተርክ «ምልሰት» እንላለን። ከስደት የመጣው «ተመላሽ» ነው፤ ባንክ ያላለፈለት ገንዘብም «ተመላሽ» ነው። «አስመለሰ» ሲሆን ጉዱ ይብሳል፦ ሆዱ የታወከ ሰው ያስመልሰዋል፤ ሀገርም የተዘረፈ ቅርሷን ታስመልሳለች። በ1997 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመጣ ጋዜጦቻችን ያተሙት ግስ፣ ሕፃን ሲታመምብን ለሐኪም የምንናገረው ያው ግስ ነው። ማንም ግራ ሲጋባ አላየሁም።

አንድ የሚያሳስት ዘመድም አለው። «ምላስ» ከ«መለሰ» የመጣ ይመስላል፤ መልስ የሚሰጠው ምላስ ስለሆነ አመጣጡ በዚሁ በኩል ነው ብለው የሚምሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ነገሩ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ምላስ የሚልሰው ነው፤ የወጣውም ከ«ላሰ» ነው። የግእዙ «ለሐሰ» መሀል ላይ የነበረችው «ሐ» በአማርኛ አፍ ውስጥ ድምፅዋን አጥታ ስትሟሟ «ላሰ» ቀረ። ጉሮሮአችን የተዋቸው እነዚህ ድምፆች በብዕራችን ግን አሁንም ይኖራሉ። «ኃ»ን ከ«ሀ» ለይቶ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ ሳይኖር፣ ለይቶ የሚመዘግብ መዝገብ ቤት አለ። የአባቴ ስም መከራ ከዚህ ይመጣል።

ወደ ምልልስ እንመለስ። (ይህንንም ሌላ ግስ አይለውም።) አማርኛ የተደጋገመ ወይም የሁለት ወገን ድርጊት ሲገጥመው የግሱን መካከለኛ ድምፅ ይደግማል። ለወጠ፣ ተለዋወጠ፣ ልውውጥ። ከፈለ፣ ተከፋፈለ፣ ክፍፍል። መከረ፣ ተመካከረ፣ ምክክር። መለሰም እንዲሁ ተመላለሰ ብሎ ምልልስን ይሰጣል። ጮክ ብለው ቢሉት ምላስ ላንቃን ነክቶ፣ ለቅቆ፣ እንደገና ይነካል፤ ቃሉ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። «መልሶ መላልሶ ጠየቀኝ» ስንልም ግሱ እፊታችን እንደቆመ ይመላለሳል። የዚህ ቅርጽ ቃላት በዛሬው የመንግሥት አማርኛ ውስጥ ያላቸው ብዛት የሚገርም ነው፦ ሽግግር፣ ምክክር፣ ትስስር፣ ቅብብሎሽ፣ ዝውውር። ዜና ስንሰማ ግማሹ በእነዚህ የተሞላ ነው። መንግሥት የተደጋገመ ነገር ይወዳል ልል አይደለም፤ ብል ግን ሰዋስው ይመሰክርልኛል።

በእነዚህ ቃላት መሀል ግን ልዩነት አለ። ልውውጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚመካከርም ጤና የለውም። ምልልስ በሁለቱም ይሄዳል። «ቃለ ምልልስ» ሲሆን ሁለት ወገን አለ፦ አንዱ ቃል ይሰጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ለመልሱ ይመልሳል። «ቃለ መጠይቅ» ከሚለው የሚለየውም በዚህ ይመስለኛል፤ በመጠይቅ ጠያቂው ጠይቆ ያበቃል፣ በምልልስ ግን እሱም ይነካል። ለዚህ ነው ጥሩ ጋዜጠኛ ያደረገውን ቃለ ምልልስ፣ ሰነፍ ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ብዬ የምጠራው፤ ይህ የእኔ የግል ልማድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ምልልስ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነው። ሰውየው ይመለሳል፤ ለእሱ የሚመለስለት የለም። የቃሉ ምሬት ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ለውይይት የሠራው ቅርጽ ውስጥ አንድ ባለጉዳይ ለብቻው ገብቶ፣ ከደረጃው ጋር ሲመላለስ ይታያል።

ከምልልስ ጎን «ደርሶ መልስ»ን አስቀምጡት። ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው፤ ደርሶ መልስ ውስጥ ግን መድረስ አለ። ሰው ይደርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ነው፣ ያበቃል። ትኬት የሚቆረጠውም ለዚህ ነው፤ የምልልስ ትኬት የሚባል ነገር የለም። ኳስ ወዳዶች ልዩነቱን በደንብ ያውቁታል። በደርሶ መልስ ውጤት ቡድኑ ያልፋል ወይም ይወድቃል፤ ሦስተኛ ጨዋታ የለም። እርግጥ የእኛ ብሔራዊ ቡድን በካፍ መስፈርት ያለፈ ሜዳ አጥቶ፣ የሜዳውንም ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርግ ስለቆየ ሁለቱም ጉዞ መሄድ ሆኖበት ነበር፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው «በሜዳው» ሆኖ፣ ሜዳው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙም ሳይርቅ፣ ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳም የደርሶ መልስ ነገር ያውቃል። ለ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቆሞ፣ በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተጭኖ፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ተመልሷል። ደረሰ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ። ከሥሩ ማታ ማታ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ግን ነገም እዚያው ነው፤ የእሱ ምልልስ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ የያዘችው ሌላ ቃል አለ፤ «ሚጠት»። ኅዳር 6፣ በቁስቋም፣ የምትዘከረው የእመቤታችንና የልጇ ከስደት መመለስ ሚጠት ይባላል። ይህ የግእዝ ቃል ሲደጋገም አልሰማሁም። ሚጠት አንዴ ነው፤ ሲደርስ በዓል ይሆናል።

ባለጉዳይ ሁልጊዜ ተመላላሽ አልነበረም። የድሮው ቃል «ደጅ ጥናት» ነው። ደጅ የሚጠና ሰው ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ ከጌታው ደጃፍ ይከርማል፤ ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲገቡ እጅ ይነሣል፣ አንድ ቀን ዓይን ገብቶለት ይጠራል። ጊዜውን ያቃጥላል እንጂ እግሩን አያቃጥልም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሥራው በዘርፍ ተከፈለ፤ ዘርፉ ሲበዛ ደጁም በዛ። የኔ ንባብ ይህ ነው፦ አንድ ደጅ ሲሆን ይጠናል፤ ደጁ አሥር ሲሆን በደጆቹ መሀል መመላለስ ይመጣል። ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ማዕከል፣ ከማዕከል «ይህ የወረዳ ሥልጣን ነው» ተብሎ ወደ ወረዳ። የምልልስ እናት ጭካኔ አይደለችም፤ ክፍፍል ናት። አዛውንቱን «ሰኞ ይመለሱ» ያለችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። ማኅተሙ የተሳሳተው በእሷ ቢሮ አይደለም፤ ትክክለኛውን የምታይበት መንገድም በእጇ የለም። ስለዚህ በሁለቱ ቢሮዎች መሀል ያለውን ገመድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እንዲሆኑት ተደረገ።

አሁን ደግሞ ምልልስ ጠላት ሆኖ ታውጆበታል። የተመረቀ ቢሮ ሁሉ፣ የተዘረጋ ሥርዓት ሁሉ «የተገልጋዩን ምልልስና እንግልት ያስቀራል» ይባልለታል። ይህን ሐረግ የሰማሁትን ያህል ምልልሱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ውስጥ ሰው የሚያገናኘን ነገር ባልተገኘ ነበር። ቢሆንም ሐረጉን ብቻ ይዞ ማፌዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በልኩ መታየት አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቧል። ስሙም የተመረጠ ነው፤ መሶብ ሲቀርብ ሰው ይሰበሰባል እንጂ እንጀራውን ፍለጋ ከጓዳ ጓዳ የሚዞር የለም።

ሆኖም መስኮቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰብ ምልልሱን ያሳጥረዋል፤ መንገዱን ወደ አዳራሽ፣ ታክሲውን ወደ ደረጃ ይለውጠዋል። መስኮት አራት መስኮት ሰባት ያለውን መዝገብ ካላየ፣ ባለጉዳዩ አሁንም በሁለቱ መሀል ወረቀት ያመላልሳል፤ በጥላ ሥር መሆኑ ብቻ ነው ለውጡ። ቁም ነገሩ ማን ይመላለስ የሚለው ነው። በቢሮዎች መሀል መረጃ መመላለሱ የማይቀር ነው፤ ማኅተም መረጋገጥ አለበት፣ ስም መመሳከር አለበት። ያንን የሚያደርገው መዝገቡ ከሆነ ሰው ይቀመጣል፤ መዝገቡ ከተቀመጠ ሰው ይመላለሳል። የፋይዳ መታወቂያ ተስፋ የሚጣልበትም ለዚህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ቁጥር ከታወቀ «ኃ» እና «ሀ» ሁለት አባት አይሆኑም። ቁጥሩን ተቀብሎ ደግሞ «የወረቀት ኮፒውን ከወረዳ አጽድቀው ያምጡ» የሚል ቢሮ እስካለ ድረስ ግን፣ የጨመርነው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ነው። ድሮ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር። ዛሬ «ሲስተም የለም» ይባላል። ሦስቱም የሚያበቁት «ይመለሱ» ላይ ነው።

ሐኪም ቤት ብቻ ነው ይህንን ቃል በቀና የሚጠቀመው። አልጋ የያዘው ተኝቶ ታካሚ፣ ሌላው «ተመላላሽ ታካሚ» ነው። ተመላላሽ መባል እዚያ የምሥራች ነው።

ከቢሮው ወጥተን መንገድ ላይ ስንደርስ ቃሉ ጉልበቱን ያሳያል። የከተማዋ የመንገድ አማርኛ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ፒያሳና ፌርማታ የጣሊያን ናቸው፤ ለገሃር ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያቸውን ከጠሩበት ስም የመጣ ነው። ጫኝ ሾፌሮች የሚቆጥሩት «ቢያጆ»ም ጣሊያንኛ ነው፤ ጉዞ ማለት። ከዚህ ሁሉ መሀል የእንቅስቃሴው ስም ግን ሳይቀየር ቆሟል፤ «የሕዝብ ማመላለሻ»። የሚያደርስ ሳይሆን የሚያመላልስ። አሰያየሙ ሐቀኛ ነው። ጠዋት ከዳር ወደ መሀል፣ ማታ ከመሀል ወደ ዳር፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ ሁለቱ መስመሮቹ መሀል ከተማ፣ በልደታና በስታዲየም መካከል፣ በአንድ ሐዲድ ተጠጋግተው እንደገና ወደየዳራቸው ይበተናሉ።

ይህ የጠዋትና የማታ ማዕበል ባለፉት ዓመታት በርዝመቱ ጨምሯል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ሲለውጥ፣ በመሀል ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ዳር ሄደዋል፤ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ አሉ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው ማታ ወጥቶ አላየውም። ሥራቸው፣ ደንበኛቸው፣ ዕድራቸው ግን በመሀል ከተማ የቀረባቸው ሰዎች፣ በእግር አሥር ደቂቃ የነበረውን መንገድ ዛሬ በሰልፍ ይጀምሩታል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት፣ «ካሳ ኢንቺስ» ከሚለው፣ ነው። ሠራተኛው ከሥራው አጠገብ እንዲያድር የተሠራ ሰፈር ነበር ማለት ነው፤ ለምልልስ ማስቀሪያ የተሠራ ሰፈር የተመላላሽ ምንጭ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኛው ግስ እንደገና ብቅ ይላል። የዚህ ሥራ ኦፊሴላዊ ስም «መልሶ ማልማት» ነው። መልሶ! ሰዋስዉ «እንደገና» ለማለት እንደገባ አውቃለሁ፤ መልሶ ማቋቋም፣ መልሶ መገንባት እንደምንለው። ግን ይህ ቃል ሥሩን በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው። የሚመለሰው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የአዛውንቱን ጥያቄ መድገም ነው። መሬቱ ለልማት ይመለሳል፤ ነዋሪው የሚመለሰው ለሥራ ነው፤ ጠዋት መጥቶ፣ ማታ ይሄዳል።

ወዲያና ወዲህ ማለት ሁሉ እንዲህ ከንቱ አይደለም። ልጆች «ዥዋዥዌ» ይላሉ፤ ዥዋ ሲል ይሄዳል፣ ዥዌ ሲል ይመለሳል፣ የትም አለመድረሱ ራሱ ደስታው ነው። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደግሞ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ተቀምጧል። መወርወሪያው ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በድሩ መሀል ሽው ይላል። ባለፈ ቁጥር አንድ ማግ ጥሎ ያልፋል፤ ማታ ላይ አንድ ክንድ ጨርቅ አለ። ሸማኔው ይህንን ምልልስ አይለውም፤ መወርወር ይለዋል። መንገደኛን ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ በሰላም ይመልስህ» የምንለው ለምን እንደሆነ እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ የመሰለኝ፤ ሄደህ ስትመለስ ከኋላህ የሚቀር ነገር ይኑር ማለት ሊሆን ይችላል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሸማኔውን ስጠይቀው «ጨርቅ ያድርግልህ ማለት ለስላሳ ይሁንልህ ማለት ነው፣ ምን ትፈላሰፋለህ» ብሎኛል።

ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። አዛውንቱ ቀድመውኛል፤ ማኅተሙ ተስተካክሏል። ልጅቷ ወረቀቱን ፈርማ፣ መትታ፣ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «በቃ? ከእንግዲህ አልመለስም?» አሉ። «አልቋል አባባ፣ አይመለሱም»። መረቋት፤ ክላሰራቸውን አቅፈው፣ እያንዳንዳችንን ተሰናብተው ወረዱ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥተው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ ረስተውት ነበር። አንሥቼ ሰጠኋቸው። «እንዲህ ነው መመለስ» አሉና ወደ መስኮቱ ጠቀሱ፤ «ይኸው፣ ሄጄ ተመለስኩ።»

የእኔ «ኃ» ለሐሙስ ተቀጥሯል።